የቴሉጉዎች በዓል መቼ ነው? ቀን ስንቆጥርና ስንጋብዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደቡብ ህንድ ውስጥ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ክልሎች አሉ። የሁለቱም ዋና ቋንቋ ቴሉጉ ነው። ኩዌት ወይም ዱባይ የሠራ፣ ዳላስ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ቴሉጉ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት አያጣም። "እንኳን አደረሳችሁ" ማለት ሲፈልግ ስልኩን ይከፍትና "የሂንዱ በዓላት" ብሎ ይፈልጋል። ያገኘውን ቀን ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

ህንድ አንድ ካሌንደር ብቻ ያላት ይመስለናል

ለቴሉጉዎች ወር የሚያልቀው ጨረቃ ስትጠፋ ነው። ለብዙው ሰሜን ህንድ ደግሞ ጨረቃ ስትሞላ። የወሮቹ ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። ጨረቃ እየሞላች በምትሄድበት ግማሽ ወር ሁለቱም በስም ይስማማሉ። መጉደል ስትጀምር ግን ሰሜኖቹ ወደ ቀጣዩ ወር ስም ተሻግረዋል፣ ቴሉጉዎቹ ገና እዚያው ናቸው።

ለአንድ ቀን በዓል ይህ ችግር የለውም። ታላቁን ሺቫራትሪ፣ የሺቫ አምላክን ሌሊት፣ ቴሉጉው በማጋ ወር፣ ሰሜነኛው በፋልጉና ወር ይጽፈዋል፤ ሌሊቱ ግን ያው አንድ ሌሊት ነው። ጉዱ የሚፈላው ወሩን ሙሉ በሚዘልቁት ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2025 የሽራቫና ወር በሰሜን ሐምሌ አጋማሽ ሳይደርስ፣ ጁላይ 11 ጀመረ። ለቴሉጉዎች የገባው ጁላይ 25 ነው። ሽራቫና ደግሞ ለቴሉጉ ሴቶች ትልቅ ወር ነው። አርብ አርብ የሀብት አምላክ ለሆነችው ለላክሽሚ ይሰግዳሉ፤ ሙሉ ጨረቃ ከመድረሷ በፊት ያለው አርብ ቫራላክሽሚ ቭራታም ይባላል። ከዴልሂ የመጣ ዝርዝር ይዞ "ጾሙ ዛሬ ገባ አይደል?" ያለ ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሟል።

ካምናው ላይ 11 ቀን እንቀንሳለን

ይህ ስህተት በተለይ ለእኛ ሰው ቅርብ ነው። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ ሁሉ ጥንተ አበቅቴ 11 መሆኑን ያውቃል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ነው፣ የፀሐይ 365። ስለዚህ ስለ ብርሃኑ በዓል ስለ ዲፓቫሊ "አምና ኦክቶበር 20 ነበር፣ ዘንድሮ ኦክቶበር 9 ነው" ይባላል። የ2025ቱ በእርግጥ ኦክቶበር 20 ነበር። የ2026ቱ ግን ኖቬምበር 8 ነው! ወደ ኋላ 11 ቀን መሄዱ ቀርቶ ወደ ፊት 19 ቀን ሄደ።

ምክንያቱ አዲካ ማሳም የሚሉት ጭማሪ ወር ነው። ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይመጣና በ32 ወይም 33 ወር ገደማ አንድ ሙሉ ወር ይታከላል። በ2026 ጄሽታ የተባለው ወር ሁለት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያው፣ ከሜይ 17 እስከ ጁን 15 ያለው፣ ጭማሪው ነው። በጭማሪው ወር ሠርግ አይደገስም፣ አዲስ ቤት አይመረቅም። ጸሎትና ምጽዋት ግን ይወደዳል። የወሩ መደበኛ በዓላት የሚከበሩት በሁለተኛው፣ "ኒጃ" በሚባለው ወር ነው። በ2023 ሽራቫና ተደግሞ ነበርና ቫራላክሽሚ ቭራታም እስከ ኦገስት 25 ድረስ ቆየ። የወሩን ስም ብቻ አይቶ የቸኮለ ሰው በባዶ ወር ስጦታ ይዞ ይሄዳል።

ቲቲን እንደ ተራ ቀን እንቆጥራለን

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። በፓንቻንጋም፣ ማለትም በባህላዊው አልማናክ፣ የጨረቃ ቀን ቲቲ ይባላል። አንድ ቲቲ ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ ለመራቅ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። በወር 30 ቲቲ አለ። ጨረቃ ፍጥነቷ ስለሚለዋወጥ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ጠዋትም ይጀምራል፣ እኩለ ሌሊትም ይጀምራል፣ ምሳ ላይም ይጀምራል።

እንግዲህ ቲቲው ሁለት ቀን ላይ ሲያርፍ በዓሉ የትኛው ቀን ነው? የተለመደው መልስ "ፀሐይ ስትወጣ ያለው" ነው። ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ግን እያንዳንዱ ትልቅ በዓል የራሱ ሰዓት አለው። ቪናያካ ቻቪቲ፣ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ የጋኔሻ በዓል፣ የቀትሩን ሰዓት ያያል። ዲፓቫሊ ምሽቱን። ሺቫራትሪ እኩለ ሌሊቱን።

የ2026ቱን ሺቫራትሪ እንይ። ቲቲው ፌብሩዋሪ 15፣ ማለትም የካቲት 8፣ በህንድ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ገባ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወጣ። በፀሐይ መውጫ ብትሄድ በዓሉ 16 ላይ ነው። እኩለ ሌሊትን የያዘው ግን የ15ቱ ሌሊት ነው፤ ሕዝቡም ሳይተኛ ያደረው ያን ሌሊት ነው። "ካሌንደሬ 16 ይላል" ብሎ በማግስቱ ማታ የደወለ ሰው እንቅልፍ የጣላቸውን ሰዎች ነው የሚቀሰቅሰው።

የዚያው ዓመት ኡጋዲ ደግሞ ባሰ። ኡጋዲ የቴሉጉ አዲስ ዓመት ነው፣ የቻይትራ ወር የመጀመሪያው ቲቲ። ማርች 19፣ መጋቢት 10፣ ቲቲው በህንድ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ53 ገባ። ሃይደራባድ ላይ ፀሐይ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። በማግስቱ ደግሞ ፀሐይ ሳትወጣ አለቀ። ሁለቱንም ንጋት ሳያገኝ ሾልኮ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን "ክሻያ" ይሉታል፤ በዓሉም በ19 ተከበረ። ዳላስ ላይ ግን ያው ቲቲ የ19ኙን ንጋት አግኝቶታል፣ ምክንያቱም እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ዘግይታ ነው። የዚያን ጊዜ ቀኑ ገጠመ። ሌላ ጊዜ አይገጥምም። በተለይ ኤካዳሺ የሚባለው የጾም ቀን አሜሪካ ላይ ከህንድ በአንድ ቀን ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ከአንድራዋ የቤተ መቅደስ ከተማ ከቲሩፓቲ በዋትስአፕ የተላከ ዝርዝር ለቲሩፓቲ ነው የተሠራው። ውጭ ያሉ ቤተ መቅደሶች የየከተማቸውን ስሌት የሚያወጡት ለዚህ ነው።

"ጾም ነው" ሲሉን ሽሮ እናቀርባለን

ደግ ልብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለእኛ ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም ማለት ነው። እንጀራና ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ሩዝ በአትክልት ካቀረብን እንግዳው የሚጠግብ ይመስለናል። በኤካዳሺ ነገሩ ግልብጥ ነው። ኤካዳሺ በወር ሁለቴ ይመጣል፣ ከእያንዳንዱ ግማሽ ወር 11ኛው ቲቲ። የሚከለከለው እህልና ጥራጥሬ ነው። ሩዝ አይነካም፣ ምስር አይነካም፤ ጤፍም እህል ነው። ወተት ግን ይጠጣል፣ ፍራፍሬ ይበላል። እኛ የከለከልነው ይፈቀዳል፣ የፈቀድነው ይከለከላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይቀራሉ። አጥብቀው የሚይዙት ውሃም አይቀምሱም። ጾሙ የሚፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ሁሉም ጾም ግን እንደ ኤካዳሺ አይደለም። በካርቲካ ወር ሰኞ ሰኞ ለሺቫ የሚጾሙ ቀኑን ሙሉ ይቆዩና ኮከብ ሲያዩ ይበላሉ፤ ያኔ ሩዙም ይመጣል። ቅዳሜ ለቬንካቴሽዋራ አምላክ የሚጾሙ ብዙዎች ደግሞ አንዴ ብቻ ሩዝ ይበላሉ፤ ማታ ላይ ኡፕማ፣ የሴሞሊና ገንፎ ቢጤ፣ ይበቃቸዋል። ስለዚህ "ጾመኛ ነኝ" ለሚል ቴሉጉ የሚቀርበው ጥያቄ "ዛሬ ምን ትበላለህ?" ነው። ቤቱ ይለያያል፣ አንዳንዴ ባልና ሚስቱም ይለያያሉ። ሙዝና ትኩስ ወተት ካለህ አብዛኛውን ጊዜ ትወጣዋለህ።

ሌሎች፣ ቶሎ ቶሎ

ሳንክራንቲ በጨረቃ የሚሄድ ይመስለናል። አይሄድም፤ የፀሐይ በዓል ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ላይ ነው። ዋዜማው ቦጊ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ እሳት ይነድዳል። ማግስቱ ካኑማ፣ የከብቶቹ ቀን። ሥጋ የሚበሉት ቤቶች በካኑማ ይበላሉ፣ በሳንክራንቲ ዕለት ግን አይሞከርም።

በዲፓቫሊ "መልካም አዲስ ዓመት" ማለትም አለ። ለጉጃራቲ ያስኬዳል። የቴሉጉ አዲስ ዓመት ኡጋዲ ነው። ያን ቀን ቤታቸው ከተገኘህ ኡጋዲ ፓቻዲ ይሰጡሃል፦ የኒም አበባ፣ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ሁመር፣ ጥሬ ማንጎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አንድ ላይ። ይመራል። መራራውን ለይቶ መተው አያምርም፤ ስድስቱም ጣዕም አብሮ እንዲቀመስ ነው የተሠራው።

ባቱካማና ቦናሉ የተባሉትን በዓላት ለቴሉጉ ሁሉ መመኘትም ልክ አይደለም። ሁለቱ የቴላንጋና ኩራት ናቸው፤ የአንድራ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፍሃል።

በቪናያካ ቻቪቲ ማታ ደግሞ "ጨረቃዋን እዩ፣ እንዴት ታምራለች!" አትበል። ያን ማታ ጨረቃ ያየ ያላደረገው ነገር ይለጠፍበታል ይላሉ። ለማፍረሻው ጠዋት በአምልኮው ላይ የዚህን እምነት ታሪክ ሰምቶ የተባረከ ሩዝ ራስ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። አንተ ደግሞ ጠዋት አልነበርክም።