ሞረድ ሲበላው የነበረው ቢላዬ
1095 እና 15ኤን20 የሚባሉ ሁለት ዓይነት ብረቶችን ደራርቤ የቀጠቀጥኩት የዳማስከስ (የድርብርቡ መስመር የሚታይበት) ቢላ፣ እንዲጠነክር ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላም ሞረድ ይበላው ነበር። ያን ያህል ለፍቼበት ሳይጠነክር ሲቀር በጣም ከፋኝ።

ጥፋቱ ሙቀቱ ላይ ነው። ማግኔት መሳብ ሲያቆም፣ 770 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ወዲያው እነክረው ነበር። ያ ገና ነው። አሁን መብራት አጥፍቼ ቀለሙን አያለሁ። ማግኔቱ ከለቀቀው በኋላ ትንሽ ፈካ እስኪል፣ 800 እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ዘይቱንም ቀድሜ ወደ 50 ዲግሪ አሞቀዋለሁ፤ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ብረቱን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል።

ጫፉን ወደ ታች ይዤ ቀጥ አድርጌ ከተትኩት። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ደስ ሲል!

ሳይውል ሳያድር ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት አቆየሁት። እንዲያ ካልተደረገ ስለቱ ይሸረፋል። የብረቱን ገጽ የሚበላ ፈሳሽ፣ ፌሪክ ክሎራይድ፣ ውስጥ ሲገባ 1095ቱ ጠቆረ፣ ኒኬል ያለበት 15ኤን20 እንደ ብር አበራ።