ቲቲንና ራሁ ካላምን በእጅ ማስላት

የሂንዱዎች የቀን መቁጠሪያ ፓንቻንግ ይባላል፤ ትርጉሙ ባለ አምስት ብልት ነው። አምስቱ ዕለት፣ ቲቲ (የጨረቃ ቀን)፣ ናክሻትራ (ጨረቃ ያለችበት የኮከብ ክፍል)፣ ዮጋ (ከፀሐይና ከጨረቃ ቦታ ድምር የሚወጣ) እና ካራና (የቲቲ ግማሽ) ናቸው። ለሠርግ ወይም ለጾም ቀን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚታየው ቲቲ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

1. የፀሐይ መውጫና መግቢያ። ዕለቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሰዓት ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከታች ያሉትን ሰዓቶችም በእኛው አቆጣጠር ጽፈናቸዋል። የሌላ ከተማ ሰዓት አይዋሱ። ሙምባይና ኮልካታ የእጅ ሰዓታቸው አንድ ቢሆንም ኮልካታ ላይ ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች።

2. ቲቲ። ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይሞላል፤ 30 ቲቲ አንድ የጨረቃ ወር ነው። በ360 ዲግሪው የሰማይ ክብ ላይ ፀሐይ 40፣ ጨረቃ 175 ዲግሪ ላይ ናቸው እንበል። ልዩነቱ 135 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 11.25 ይመጣል። 11 ቲቲ አልቆ 12ኛው፣ ድዋዳሺ የሚሉት፣ ሩብ ሄዷል ማለት ነው። የቀረው 9 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ በቀን በአማካይ 12.2 ዲግሪ ስለሚጨምር 18 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የጨረቃዋ ቁጥር ከፀሐይ ካነሰ መጀመሪያ 360 ይደምሩበት።

ዕለቱ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ ባለው ቲቲ ነው። ጀማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። የጨረቃ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ አንድ ቲቲ ከ19 እስከ 26 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ረጅሙ ሁለት ንጋት ከያዘ ያው ቁጥር ሁለት ቀን ይደገማል። አጭሩ ደግሞ ከንጋት በኋላ ገብቶ ከሚቀጥለው ንጋት በፊት ከወጣ ቁጥሩ ይዘለላል። ከ10 ወደ 12 ያለፈ ገጽ ሲያዩ የማተሚያ ቤት ስህተት አይምሰልዎ።

3. ናክሻትራ። የሰማይ ክቡ በ27 እኩል የኮከብ ክፍሎች ይከፈላል፤ ስለዚህ የጨረቃን ዲግሪ ለ13.33 ያካፍሉ። 175 ሲካፈል 13.1 ነው፤ ስለዚህ 14ኛው፣ ቺትራ። ቁጥሩን ከተለመደ የሥነ ፈለክ ሠንጠረዥ ከወሰዱት ግን አስቀድመው 24 ዲግሪ ገደማ ይቀንሱ፤ አለዚያ ወደ ጎረቤቱ ኮከብ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ቲቲ ላይ ይህ አያስፈልግም፤ ከፀሐይም ከጨረቃም እኩል ስለሚቀነስ ይጠፋፋል።

4. ራሁ ካላም። በተለይ በደቡብ ሕንድ አዲስ ነገር የማይጀመርበት ሰዓት ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለውን ለ8 ያካፍሉ። ሰኞ 2ኛው፣ ቅዳሜ 3ኛው፣ ዓርብ 4ኛው፣ ረቡዕ 5ኛው፣ ሐሙስ 6ኛው፣ ማክሰኞ 7ኛው፣ እሑድ 8ኛው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ሰኞን በደፈናው ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:00 ብሎ ይይዘዋል፤ ይህ የሚሠራው ፀሐይ 12:00 ላይ ወጥታ ቀኑ 12 ሰዓት ሲሆን ብቻ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዴልሂ ፀሐይ 11:24 ገደማ ወጥታ 1:24 ገደማ ብትጠልቅ ቀኑ 14 ሰዓት፣ አንዱ ክፍል 105 ደቂቃ ይሆናል። የሰኞው እንግዲህ ከ1:09 እስከ 2:54 ነው።

መልካሙን ሰዓት ለማግኘት ያንኑ ቀን ለ15 ያካፍሉና 8ኛውን ይውሰዱ፤ አቢጂት ይሉታል። በዚሁ ምሳሌ ከ5:56 እስከ 6:52 ይውላል። ረቡዕ ግን አይወሰድም።