የተራቆተን ተራራ ከልቅ ግጦሽ ለመከለል የአካባቢውን ነዋሪ እንዴት ማሳመን ይቻላል

ተራራው መራቆቱን ከአርሶ አደሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎርፍ ማሳውን ሲቆርጥበት፣ ምንጩ በጥር ሲነጥፍበት የኖረው እሱ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ጠርቶ ስለ አፈር መሸርሸር ሁለት ሰዓት ማስተማር ብዙ አያራምድም። መልስ የሚሻው ጥያቄ «ቦታው ከተዘጋ ከብቶቼ ክረምቱን ምን ይበላሉ?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ ተጠቃሚውን ይለዩ

ሥራውን በየካቲት ይጀምሩ፤ ዝናብ እስኪገባ ለመነጋገር ጊዜ ይኖራል። በተራራው የሚጠቀመው በሬ ያለው ብቻ አይደለም፤ ማገዶ ለቃሚ ሴቶች፣ እረኞችና መሬት አልባ ወጣቶችም አሉ። ሽማግሌዎች ባሉበት እነዚህ አይናገሩም፤ ስለዚህ ከስድስት እስከ አሥር እየሆኑ ለየብቻ ይቀመጡ። የከብቱን መንገድ፣ የውሃ መጠጫውንና የማገዶውን ቦታ መሬት ላይ በዱላ እንዲስሉ ያድርጉ። በዚህ ደረጃ ያልተሰማ ሰው በኋላ አጥሩን ሌሊት ያፈርሰዋል።

ስጋቱን አይሸፋፍኑ

በደርግ ዘመን በዘመቻ ከተከለሉትና በደን ከለሙት ቦታዎች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተጨፍጭፈዋል፤ ሕዝቡ የመንግሥት እንጂ የራሱ ብሎ አላያቸውም ነበርና። ዛሬም «ዛሬ ይከልሉታል፣ ነገ ለባለሀብት ይሰጡታል» ይባላል። በቃል መሐላ ይህ አይጠፋም። ወሰኑ፣ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝርና የአጨዳ መብታቸው በጽሑፍ ሰፍሮ በቀበሌና በወረዳ ማኅተም ይጽና፤ ቅጂውም በነዋሪው እጅ ይቀመጥ። ቁጥቋጦው ሲያገግም ከርከሮና ዝንጀሮ ሊበዙ እንደሚችሉም አስቀድመው ይናገሩ፤ የሰብል ጥበቃውን ተራ አብረው ይምከሩበት።

ተናጋሪው ማን ይሁን?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሙያዊ ጥያቄ ይመልስ። ዋናውን ነገር ግን ከጎረቤት ቀበሌ መጥቶ፣ ከተከለለ ቦታ ሣር ያጨደ ገበሬ ይናገር። እድርና ሰንበቴ ከቀበሌ አዳራሽ የተሻሉ መድረኮች ናቸው። ለጉብኝት ሰው ሲመርጡ አጥብቀው የሚቃወሙትን ይጨምሩ።

በትንሽ ቦታ አሳዩ፣ መዝኑ

ከሰኔ በፊት 20 በ20 ሜትር ቦታ በእሾህ ይጠር። ለም ጥግ አይምረጡ፤ ነዋሪው ወዲያው ይነቃል። በመስከረም መጨረሻ 1 በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ በአምስት ቦታ ጥለው በውስጡ ያለውን ሣር ይጨዱ፤ በደንብ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስጥተው በሕዝብ ፊት በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኑ። አማካዩ 300 ግራም ከሆነ 400 ካሬ ሜትሩ 120 ኪሎ ደረቅ ሣር ይሰጣል። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ስለሚበላ፣ ይህ የአንድ በሬ የሃያ ቀን ቀለብ ነው። ውጤቱን በዚህ መልክ ይንገሩ፤ «ብዝኃ ሕይወት» ሲባል የማይነቃነቅ ሰው ስለ በሬው ቀለብ ሲሰማ ያሰላል።

ይህን ከአጥሩ ውጭ ካለው ሣር ጋር ሲያነጻጽሩ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ «ውጭ ያለው ያነሰው ስለተበላ ነው።» እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በግጦሹ ላይ አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ ትናንሽ የእሾህ ከለላዎች ያስቀምጡ፤ በየወሩ በውስጣቸው የበቀለውን አጭደው ከመዘኑ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸው። ድምሩ በልቅ ግጦሽ ሥር በእርግጥ የበቀለውን ያሳያል፤ ያኔ ንጽጽሩ ትክክለኛ ይሆናል።

ደንቡን ነዋሪው ያውጣው

መላውን ተራራ በአንድ ጊዜ አይዝጉ፤ በሩብ ይጀምሩ፣ የውሃ መንገዱንም ክፍት ይተዉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የጓሳ ሜዳ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ሲጠበቅ ሕዝቡ ራሱ አለቃ ይመርጥ፣ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋ፣ የአጨዳውንም ጊዜ ይወስን ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጥበቃውም ላላ፤ ኋላ ነዋሪው በአዲስ ደንብ መልሶ አቋቋመው።

ደንቡ የጥበቃውን ክፍያ፣ የቅጣቱን መጠን፣ የአጨዳውን ቀንና የድርሻውን አከፋፈል ይወስን። ከብት የሌላትም እኩል ሸክም ሣር ታግኝ፤ ብትፈልግ ትሸጠዋለች። ወጣቶች ቀፎ ይስቀሉበት። ማገዶ ለቃሚዎች ደረቅ እንጨት የሚወስዱበት ቀን ይመደብላቸው። አጨዳው ሣሩ ዘር ካራገፈ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከታጨደ የከርሞው ይሳሳል። ብዙ ቦታ ደንብ የሚፈርሰው የሊቀ መንበሩ ላም ገብታ ሳትቀጣ ስትቀር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው ቅጣትና የተከፋፈለው ሣር በመዝገብ ሰፍሮ በጉባኤ ይነበብ።