ስለ ቡድናችን የበዓል ሰሞን የሆኪ ውድድር እንዴት እንከራከር? የሚቺጋኑ ውድድር እንደ ማሳያ

በአሜሪካ የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ደጋፊዎች መካከል በየዓመቱ የሚነሣ ክርክር አለ። በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ቡድናችን የት፣ መቼና ከማን ጋር ይጫወት የሚለው ነው። ክርክሩ የሚጦፈው ደጋፊው ቡድኑን ስለሚወድ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዎች ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሲከራከሩ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ወረቀት አውጥተን የየራሳቸውን ሐሳብ መጻፍ ስንጀምር አንዱ ስለ ቀኑ፣ ሁለተኛው ስለ ሜዳው፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ተጋጣሚው ሲናገሩ እንደ ነበር ታወቀ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አራት ጥያቄዎችን በአራት የተለያዩ መስመሮች መጻፍ ነው፤ እነርሱም ቀኑ፣ ቦታው፣ ተጋባዦቹና የውድድሩ ዓይነት ናቸው። አንዱ ሳይጨረስ ወደ ሌላው አለመሻገርንም ከመነሻው መስማማት ይገባል።

ነገሩን በተጨባጭ ለማሳየት አራት ቡድኖች በሁለት ቀን ለዋንጫ የሚጫወቱበትን ግሬት ሌክስ ኢንቪቴሽናል የተባለውን ውድድር እወስዳለሁ። ይህ ውድድር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 በዲትሮይት ተጀመረ፤ አዘጋጁም ሚቺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ዲትሮይት አይደለም ያለው። መቀመጫው በሚቺጋን ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኪዊናው ባሕረ ገብ ምድር ላይ ባለችው ሆተን ከተማ ነው፤ ከዚያ እስከ ዲትሮይት በመኪና 550 ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ትምህርት ቤት ከቤቱ ይህን ያህል ርቆ ውድድር ማዘጋጀቱ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ይመስላል። ሆኖም ሚቺጋን ቴክ በተለይ መሐንዲሶችን የሚያወጣ ትምህርት ቤት ነውና፣ ተመራቂዎቹ ለሥራ የመኪና ፋብሪካዎች ወዳሉበት ወደ ደቡቡ የክፍለ ግዛቷ ክፍል ይፈልሳሉ። ቡድኑ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እነርሱ ይወርዳል ማለት ነው። ውድድሩ በኦሊምፒያ አዳራሽ ተጀምሮ ለረጅም ዘመን በጆ ሉዊስ አሬና ተካሄደ፤ በ2013 ደግሞ በኮሜሪካ ፓርክ የቤዝቦል ሜዳ ላይ ከሰማይ በታች ተደረገ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተሰርዞ፣ በ2022 በግራንድ ራፒድስ ወደሚገኘው ቫን አንዴል አሬና ተዛወረ። ደጋፊዎች ዛሬም ድረስ የሚከራከሩት በዚህ ዝውውር ዙሪያ ነው።

አራቱን ጥያቄዎች ከለዩ በኋላ ስሜትዎን ለጊዜው ያቆዩና ጨዋታ ይቁጠሩ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ደንብ፣ ጥቂት የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 34 ጨዋታ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ሚቺጋን ቴክ በሚገኝበት በሲሲኤችኤ ኮንፈረንስ፣ ማለትም በየዓመቱ እርስ በርስ በሚጫወቱ ትምህርት ቤቶች ማኅበር፣ 26 ጨዋታዎች ስላሉ፣ ከ34ቱ ለውጭ ተጋጣሚ የሚተርፈው 8 ብቻ ነው። የበዓሉ ውድድር ከእነዚህ 2ቱን ሲወስድ 6 ይቀራሉ፤ ይህም ሦስት ቅዳሜና እሑድ ማለት ነው። በዚህ ውድድር የሚካፈለው ሚቺጋን ስቴት ያለበት ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ግን የኮንፈረንስ ጨዋታው 24 በመሆኑ ለውጭ ተጋጣሚ 10 ይተርፈዋል። ስለዚህ ያው አንድ ውድድር ለሚቺጋን ቴክ ከነጻ ጨዋታዎቹ ሩቡን፣ ለሚቺጋን ስቴት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ክርክር ሲጀመር ይህን ስሌት በወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ግማሹ ጩኸት ወዲያው ይበርዳል ብዬ አምናለሁ። «ሌላም አንድ ጠንካራ ቡድን ከሜዳችን ውጪ እንግጠም» የሚል ሁሉ ከስድስቱ የትኛውን ጨዋታ እንደሚሰርዝ መናገር ይኖርበታልና።

ቀጥሎ የደረጃውን ስሌት መረዳት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ስለሚሠራ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ። ለአገር አቀፉ ውድድር 16 ቡድኖች ያልፋሉ። ስድስቱ የየኮንፈረንሳቸው ዋንጫ አሸናፊዎች ሲሆኑ አሥሩ በደረጃ ስሌት ይመረጣሉ። በኮንፈረንስ ውስጥ የአንዱ ድል የሌላው ሽንፈት ስለሆነ፣ የኮንፈረንሱ አባላት እርስ በርስ ቢጫወቱ በጥቅሉ ከፍ ማለትም ዝቅ ማለትም አይችሉም። የኮንፈረንሱን ዋጋ የሚወስኑት ከውጭ ቡድኖች ጋር የሚደረጉት ጥቂት ጨዋታዎች ናቸው። ስለዚህ በዲሴምበር መጨረሻ የሚደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ክብደታቸው ከቁጥራቸው በላይ ነው፤ የአንድ ቡድን ብቻ ሳይሆኑ የኮንፈረንስ ጓደኞቹም ጉዳይ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ፔርዋይዝ የተባለው ስሌት በሜዳ የተገኘን ድል በ0.8፣ ከሜዳ ውጪ የተገኘውን በ1.2 ሲያባዛ፣ በገለልተኛ ሜዳ የተገኘውን እንዳለ ይወስደው ነበር። ከ2025-26 የውድድር ዘመን ወዲህ ኤንፒአይ የተባለው ስሌት ተተክቷልና፣ ከመከራከርዎ በፊት የዓመቱን የስሌት ክብደቶች ይመልከቱ። አምና የሠራ መከራከሪያ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የተጋባዦች ጥያቄ ነው። ፌሪስ ስቴትን እንውሰድ። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው ቢግ ራፒድስ ለግራንድ ራፒድስ ቅርብ ስለሆነ ደጋፊው በቀላሉ መጥቶ አዳራሹን ይሞላል፤ ለትኬት ሽያጭ ከእርሱ የተሻለ እንግዳ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን እርሱም የሲሲኤችኤ አባል ነው። ሚቺጋን ቴክና ፌሪስ ስቴት በመጀመሪያው ቀን በተለያየ ግማሽ ፍጻሜ ቢመደቡ፣ ሁለቱም ሲያሸንፉ ለዋንጫ፣ ሁለቱም ሲሸነፉ ለሦስተኛ ደረጃ ይገናኛሉ። ሊሆኑ ከሚችሉት አራት ውጤቶች በሁለቱ ይገናኛሉ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ውድ የሆነው የውጭ ጨዋታ ለኮንፈረንሱ ነጥብ በማይቆጠር የጎረቤት ግጥሚያ ይባክናል። እኔ በበኩሌ የኮንፈረንስ ጓደኛ ከአንድ በላይ መጋበዝ የለበትም ባይ ነኝ፤ ቢጋበዝም ጥንዱ በመጀመሪያው ቀን እንዳይገናኝ አስቀድሞ መወሰን አለበት። አንዳንዶች ጥሎ ማለፉ ቀርቶ ሁሉም ግጥሚያ አስቀድሞ ይታወቅ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሐሳባቸው ከስሌት አንጻር ትክክል ነው። ይሁንና ዋንጫ የሌለው የበዓል ውድድር ሁለት ተራ ጨዋታዎች ሆኖ እንደሚቀር መዘንጋት የለበትም፤ ደጋፊው ልጆቹን ጭኖ የሚመጣው በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ዋንጫ ከፍ ሲያደርግ ለማየት ነው።

ስለ ቀኑ ሲከራከሩ የቀን መቁጠሪያውን ዘርግተው በጣትዎ ይከተሉ። የ2026ቱ የፈረንጆች ገና ዓርብ ላይ ይውላል። ውድድሩ ዲሴምበር 28 እና 29 ይሁን ቢባል ሰኞና ማክሰኞ ነው። ተጫዋቾች ከፈተና በኋላ ወደየቤተሰባቸው ሄደው ቅዳሜ 26 ቢመለሱ፣ የሚለማመዱት እሑድ አንድ ቀን ብቻ ይሆናል፤ ብዙ ቀን በረዶ ላይ ያልቆመ ግብ ጠባቂ በአንድ ልምምድ ወደ ጨዋታ ይገባል። በአንድ ቀን ቢገፋ ልምምዱ ሁለት ይሆናል፣ ነገር ግን ሠራተኛው ደጋፊ ማክሰኞና ረቡዕ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ወደ ጃንዋሪ 2 እና 3 ቢሻገር ቅዳሜና እሑድ ይገኛል፤ በምትኩ የኮንፈረንስ ጨዋታ ሳይተነፈስ ይከተላል። የትኛውም ምርጫ የሚያስከፍለው ነገር አለና፣ ተከራካሪው ማን እንደሚከፍል በስም እንዲናገር ይጠየቅ። እግረ መንገዴን፣ እንደኛ ገናን ጃንዋሪ 7 ለሚያከብር ቤተሰብ የዲሴምበሩ ቀን ከበዓላችን ጋር አይጋጭም፤ ውድድሩ ወደ ጃንዋሪ መጀመሪያ በተገፋ ቁጥር ግን ወደ በዓላችን መዳረሻ ይጠጋል።

በቀኑ ጉዳይ ላይ ሁልጊዜ የሚረሳው ከ20 ዓመት በታች ወጣቶች የሚጫወቱበት የዓለም ሻምፒዮና ነው። እርሱም እንደ ልማዱ ዲሴምበር 26 ተጀምሮ ጃንዋሪ 5 ያበቃል፤ የኮሌጅ ቡድኖችን ምርጥ ወጣቶችም ይወስዳል። የሰሜን አሜሪካው የፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል በ2021 ባደረገው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አራቱ፣ ኦወን ፓወር፣ ማቲ ቤኒየርስ፣ ሉክ ሂዩዝና ኬንት ጆንሰን፣ በዚያ ዓመት መገባደጃ ለሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ይጫወቱ ነበር። በዲሴምበር መጨረሻ ግን አራቱም ለካናዳና ለአሜሪካ ሊጫወቱ አልበርታ ገቡ። ትኬት የገዛው ሰው ሊያያቸው የመጣቸውን ልጆች አያያቸውም፤ የደረጃው ስሌት ደግሞ ማን እንደጎደለ አይጠይቅም፣ ሽንፈቱን ሽንፈት ብሎ ይመዘግባል። ትላልቆቹ ቡድኖች በዚህ ሰሞን ለመምጣት ቢያመነቱ ንቀት አድርገን አንቁጠረው። በተቃራኒው፣ ብዙ ተጫዋች የማይወሰድበት ቡድን ያላቸው ደጋፊዎች ይህ ቀን ለእነርሱ የሚመች መሆኑን በግልጽ ቢናገሩ ነውር የለውም።

ቀኑ የማይነካ ነው ለሚሉት የቦስተኑ ቢንፖት ጥሩ መልስ ነው። የአንድ ከተማ አራት ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበት ይህ ዝነኛ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በፈረንጆች ገና ማግሥት፣ ዲሴምበር 26 እና 27 ቀን 1952 ነበር። ዛሬ የሚደረገው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰኞዎች ሲሆን ተማሪዎች በግቢያቸው ባሉበት ጊዜ ነው። ቀኑ ተለውጦ ውድድሩ አልሞተም። ልዩነቱ አራቱም ተወዳዳሪዎች ቦስተንና አካባቢዋ መሆናቸው ነው። በፌብሩዋሪ ሰኞ ምሽት ከሆተን እስከ ግራንድ ራፒድስ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በበረዶ መንገድ ተጉዞ፣ የማኪናክን ድልድይ ተሻግሮ፣ ማግሥቱን ክፍል መግባት አይቻልም። የማኪናክ ድልድይ ከባድ ነፋስ ሲነሣ ወይም ከማማዎቹ በረዶ መውደቅ ሲጀምር የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ቦታው ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውድድሩ ለማን ተብሎ እንደሚዘጋጅ ነው። የሆተኑ ማኪንስ አሬና ወደ 4,200 ሰው ይይዛል፤ ቫን አንዴል ከ10,000 በላይ። ለተማሪ ከሆነ ሁለቱም አይጠቅሙም፣ ተማሪ በዕረፍት ላይ ነውና። ለሆተን ነዋሪ ከሆነ በቤት መጫወት ይሻላል፣ ነዋሪው በዓመቱ ሌሎች የቤት ጨዋታዎች ቢኖሩትም። ለተመራቂዎች ከሆነ ግን ወደ ደቡብ መውረድ የግድ ነው፤ ብዙዎቹ ቡድናቸውን በዓይናቸው የሚያዩት ምናልባት በዚህ ሰሞን ብቻ ነው። የእኔ አቋም ይህ የመጨረሻው ነው። በገለልተኛ ሜዳ ሁለት ጨዋታ መጫወት ከሚያመጣው የስሌት ጥቅምና ጉዳት ይልቅ፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ጥቁርና ወርቃማ ማልያ ለብሶ የሚቀመጥበት አንድ ምሽት ይበልጥብኛል። ዲትሮይት ይሁን ግራንድ ራፒድስ የሚለው ግን በስሜት የሚወሰን አይደለም፤ የአዳራሹ ኪራይ፣ የባዶ ወንበር ብዛትና ተመራቂዎች በብዛት የሚኖሩበት አካባቢ ታይቶ የሚወሰን ነው።

እነዚህን መረጃዎች ለማግኘት መገመት አያስፈልግም። ሚቺጋን ቴክም ሆነ ሚቺጋን ስቴት የመንግሥት ተቋማት ስለሆኑ፣ የክፍለ ግዛቷ የ1976ቱ የመረጃ ነጻነት ሕግ ይመለከታቸዋል። በጽሑፍ ለቀረበ ጥያቄ ተቋሙ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ያለበት ሲሆን፣ ካስፈለገው በ10 የሥራ ቀናት ማራዘም ይችላል። ጥያቄዎ ጠባብ ይሁን። «ስለ ውድድሩ ያለውን ሁሉ» ብሎ ከመጠየቅ፣ የአንድን ዓመት የአዳራሽ ኪራይ ውልና የተሸጠ ትኬት ቁጥር መጠየቅ ፈጣን መልስና አነስተኛ ክፍያ ያስገኛል።

ሐሳቡ ሲበስል ለስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የውጭ ተጋጣሚ ውሎች ከዓመታት በፊት ስለሚፈረሙ፣ ደብዳቤው የመጪውን ዲሴምበር ሳይሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ያለውን ይጠይቅ። በላዩ ላይ አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽና ሦስት ተጋባዦች በስም ይጻፉበት፤ ከዚያ በታች ያ ምርጫ ከስምንቱ ነጻ ጨዋታዎች የትኞቹን እንደሚወስድ ይገለጽ። በክርክሩ የተሸነፉት ወገኖች ሐሳብም በሁለት መስመር ይካተት፤ ዳይሬክተሩ ሌላውን ወገን ከሌላ ሰው መስማቱ አይቀርምና።

በመካከል ቃል ቢከር አይደንግጡ። ቆልማማ በትርና በዓል በእኛም አገር የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው፤ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉ በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢገፋውም ቂም አይያዝም ማለታቸው ነበር። ክርክሩን የሚመራ ሰው ይህን ሥርዓት ቢይዝና ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ከአራቱ መስመሮች የትኛውን እንደሚናገር አስቀድሞ ቢያስጠራው፣ ስብሰባው በአንድ ምሽት ወደ ደብዳቤው ይደርሳል።