«ኤክስፕሌን ሚ» ለምን ነጥብ ያስቀንሳል?

በአማርኛ «አስረዳኝ» ስንል ሰውዬው በግሱ ጫፍ ባለችው «ኝ» ውስጥ ገብቷል። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስናዞረው «ኤክስፕሌን ሚ» ይሆናል። በንግግር ሰሚው ይረዳናል፤ ፈተና ላይ ግን ስህተት ነው። ኤክስፕሌን በቀጥታ የሚቀበለው የሚብራራውን ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የሚገባው በ«ቱ» በኩል ነው፦ «ኤክስፕሌን ዘ ሩል ቱ ሚ»። ስለዚህ «አስረዳኝ»ን ትታችሁ «አብራራልኝ»ን አስቡ። በውስጡ ያለችው «ል» የ«ቱ»ን ሥራ ትሠራለች።

«ሃው»፣ «ዋይ» ወይም «ዛት» ከተከተለ «ቱ ሚ» ቀድሞ ይመጣል፦ «ኤክስፕሌን ቱ ሚ ሃው ዘ ማሽን ወርክስ»።

በምርጫ ጥያቄ ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ከ«ቴል» ጋር ተጣምሮ ይመጣል። «ሺ ___ አስ ዛት ዘ ላይብረሪ ዋዝ ክሎዝድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሰጣችሁና አማራጮቹ «ቶልድ» እና «ኤክስፕሌንድ» ቢሆኑ፣ ትርጉሙን ከማውጠንጠን በፊት ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ቃል ተመልከቱ። «አስ» ያለ «ቱ» ስለቆመ መልሱ «ቶልድ» ነው። «ቱ አስ» ቢል ኖሮ «ኤክስፕሌንድ» ይሆን ነበር። «ጊቭ»፣ «ሾው» እና «ቲች» እንደ «ቴል» ሰውን በቀጥታ ይቀበላሉ፤ «ዲስክራይብ»፣ «ሰጀስት» እና «ሜንሽን» ግን የኤክስፕሌን ወገን ናቸው።

ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር የሚጥለው ተገብሮው ነው። «ዊ ወር ቶልድ ዘ ሩልስ» ትክክል ስለሆነ «ዊ ወር ኤክስፕሌንድ ዘ ሩልስ»ም ትክክል ይመስላል፤ አይደለም። በተገብሮ ባለቤት መሆን የሚችለው ቀድሞ ያለ «ቱ» ተሳቢ የነበረው ነው፤ «አስ» ደግሞ ከ«ቱ» ኋላ ነበር። ትክክለኛው «ዘ ሩልስ ወር ኤክስፕሌንድ ቱ አስ» ነው።

ከ«ዋይ» በኋላ የጥያቄ ቅደም ተከተል አይገባም። «ኤክስፕሌን ዋይ ኢዝ ዘ ስካይ ብሉ» ሳይሆን «ኤክስፕሌን ዋይ ዘ ስካይ ኢዝ ብሉ» ነው። «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ»ም ይጠፋሉ፤ «ዋይ ዲድ ሂ ሊቭ?» የሚለው «ኤክስፕሌን ዋይ ሂ ሌፍት» ይሆናል። ከአማርኛው «ስለ» የምትመጣውን «አባውት»ም በጽሑፍ ላይ ተዉአት፤ «ኤክስፕሌን ዘ ፕሮብለም» ይበቃል።

ድርሰት ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኤክስፕሌን ያለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጋችሁ ቀጣዩን ቃል እዩ፤ ሰው ከሆነ «ቱ» ጎድሏል። ስሙን «ኤክስፕላኔሽን»ን ስትጽፉ ደግሞ በግሱ ውስጥ ከ«ኤን» በፊት ያለችው «አይ» ትወድቃለች። የአንድን ነገር ምክንያት ስትሰጡ ከስሙ በኋላ «ፎር»፣ ምንነቱን ወይም አሠራሩን ስታብራሩ «ኦቭ» ይከተላል።