የካርቦን ፋይበር ፑል ሻፍት ስትገዙ ዋጋውንና አቅሙን እንዴት ታወዳድራላችሁ

ለካርቦን ሻፍት፣ ማለትም ለፑል መምቻው ዱላ (ለኪው) የፊት ግማሽ፣ 150 ዶላርም ይከፈላል፣ 550 ዶላርም ይከፈላል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ 29 ኢንች ናቸው፣ ታዲያ የ400 ዶላሩ ልዩነት ምኑ ላይ ነው ያለው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ደውለው ስትመጣ አንድ ይዘህልኝ ና የሚሉ ልጆች። እኔ የምላቸው ይሄንን ነው፦ ከ150 ወደ 350 ስትወጡ በእውነት የሆነ ነገር ገዝታችኋል፣ ከ350 ወደ 550 ስትወጡ ግን አብዛኛውን የምትከፍሉት ለእጅ ስሜት፣ ለስሙና ለመገጣጠሚያው ነው። ይሄ ደሞ የግድ እኔን አምናችሁ የምትቀበሉት ነገር አይደለም፣ ሁለት ሻፍት መዋስ ከቻላችሁ በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ማየት ትችላላችሁ፣ አሰራሩን ወደታች እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሻፍት ምን እንደሚሰራ እንግባባ፣ ያለዚያ የምናወዳድረው ማስታወቂያ ነው። ሁሉም ሻጭ የሚያወራው ስለ ዲፍሌክሽን፣ ማለትም ስለ ኳሷ መሸሽ ነው። ነጯን ኳስ ከመሃሏ ወደ ቀኝ ወጣ አድርጋችሁ ስትመቷት ኪዉ ባነጣጠረበት መስመር አትሄድም፣ ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች፣ በግራ ስትመቷት ደሞ ወደ ቀኝ። ምክንያቱ ቲፑ (ኪዉ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ) ኳሷን በያዘበት ቅጽበት ኳሷ ስትዞር የሻፍቱን ጫፍ ወደ ጎን ትገፋዋለች፣ ጫፉም መልሶ ይገፋታል። ቲፕና ኳስ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚህ መገፋፋት ውስጥ የሚሳተፈው ከፊት ያለው ሃያ ሴንቲ ሜትር ምናምን ነው፣ ለቀረው የኪዉ ክፍል ወሬው ሳይደርሰው ኳሷ ሄዳለች። ስለዚህ ወሳኙ የጫፉ ክብደት ነው፣ ጫፉ ሲቀል ኳሷ ብዙ አትሸሽም። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር የነበሩት ዴቪድ አልሲያቶሬ፣ ፑል ተጫዋች ሁሉ ዶክተር ዴቭ ብሎ የሚያውቃቸው፣ ይሄንን በሙከራ ደጋግመው አሳይተዋል፣ የሻፍቱ ግትርነት ሳይሆን የፊቱ ክብደት ነው ዋናው።

ካርቦን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የእንጨት ሻፍትንም ከፊት በኩል ውስጡን ቦርቡሮ ማቅለል ይቻላል፣ ፕሬዴተር የሚባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ ይዞት የመጣው 314 ሻፍት በዚህ ሀሳብ ነው የተነሳው፣ ግን እንጨት ከልክ በላይ ከሳሳ ይሰነጠቃል። ካርቦን ደሞ ስስ ሆኖም ጠንካራ ነው። በ2016 ፕሬዴተር ሬቮ የሚባለውን የካርቦን ሻፍት ሲያወጣ ገበያው ተቀየረና ከዚያ በኋላ ሁሉም ኩባንያ ተከተለ። ግን ልብ በሉ፣ ጥሩ የተሰራ ውስጡ የተቦረቦረ የእንጨት ሻፍት ዲፍሌክሽኑ ከካርቦን ብዙም አይርቅም። የካርቦን የማያከራክር ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ አይጣመምም፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ሲነካ እንደ እንጨት በቀላሉ አይጎደጉድም፣ እርጥበት አይጠጣም፣ ክረምትና በጋ ያው ነው፣ በአልኮል ስትጠርጉት በቃ ንጹህ ነው። ለኔ ለካርቦን ብር ማውጣት ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስፒን፣ ማለትም ስለ ኳሷ መሽከርከር የሚወራውን ግን አትስሙ። ካርቦን ተጨማሪ ስፒን አይሰጥም፣ ስፒኑን የሚወስነው ከኳሷ መሃል ምን ያህል ርቃችሁ እንደመታችሁና በምን ፍጥነት እንደሆነ ነው፣ ቲፑ ደሞ መያዝ አለበት፣ ቲፕ ደሞ ከካርቦኑ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም። ብዙ ሰው ሻፍት ቀይሮ በጣም ዞረልኝ የሚለው አዲሱ ሻፍት ከአዲስ ቲፕ ጋር ስለመጣ ነው። ስለዚህ ስታወዳድሩ የሁለቱንም ቲፕ አንድ አይነት አድርጉ፣ አንዱ ላይ ለስላሳ የካሙይ ቲፕ አንዱ ላይ ጠንካራ ቲፕ ካለ የምታወዳድሩት ቲፕ ነው። ጉልበት የሚባለው ላይ ትንሽ እውነት አለ፣ ግትር ሻፍትና ጠንካራ ቲፕ ሲሆን ኳሷ ፈጠን ብላ ልትሄድ ትችላለች፣ ግን በእጅ እየመታችሁ ያንን መለካት አትችሉም ምክንያቱም የናንተ እጅ በየምቱ የሚለያየው ከሻፍቶቹ ልዩነት ይበልጣል።

አሁን ዋጋ። ዋጋ ስለሚንቀሳቀስ እርከኑን ብቻ ልንገራችሁ። ከላይ ከ500 ዶላር በላይ የሚሸጡት የፕሬዴተር ሬቮ እና የጃፓኑ ሜዝ ኢግናይት ናቸው። ሬቮ የጫፉ ውፍረት 11.8፣ 12.4 እና 12.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። ከነሱ ዝቅ ብሎ በ400 ዶላር አካባቢ የዊስኮንሲን ሰዎች አሉ፣ ጃኮቢ ብላክ፣ ማክደርሞት ዲፋይ፣ ፔቻወር ሮግ፣ ሶስቱም ኩባንያዎች ከድሮ ጀምሮ ኪው የሚሰሩ ናቸው። ከ300 እስከ 400 ባለው ውስጥ ብዙ ሰው የያዘው ኪውቴክ ሲነርጂ ነው፣ ውስጡ በፎም የተሞላ ስለሆነ ድምጹ አይጮህም፣ እኔ ለጓደኛ ምረጥልኝ ስባል መጀመሪያ የምጠቅሰው እሱን ነው። ኪውቴክን ያስተዋወቀው ዋናው ተጫዋች ሼን ቫን ቦኒንግ ነው፣ በ2022 እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ላይ አልቢን ኡሻንን 13 ለ 6 አሸንፎ የ9 ኳስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ይሄንን የምለው በሻፍቱ ምክንያት አሸነፈ ለማለት አይደለም፣ የመካከለኛ ዋጋ ሻፍት ከፍተኛው ደረጃ ላይ እንደሚበቃ ለማሳየት ነው። ከታች ከ100 እስከ 200 ዶላር ያሉት አብዛኞቹ ቻይና ተሰርተው በተለያየ ስም የሚሸጡ ናቸው።

እነዚህን ርካሾቹን ዝም ብዬ አልጥላቸውም፣ አንዳንዱ በጣም አሪፍ ይወጣል። ችግሩ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው መለያየቱ ነው፣ ጓደኛችሁ የገዛው ጥሩ ስለሆነ የናንተም ጥሩ ይሆናል ማለት አይቻልም፣ የ350 ዶላሩ በዋናነት የሚሸጥላችሁ ይሄንን እርግጠኝነት ነው። ርካሽ ሲደርሳችሁ እንዲህ እዩት፦ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት፣ ቀጥ ብሎ መንከባለል አለበት። በጥፍራችሁ ከጫፍ እስከ መገጣጠሚያው እያንኳኳችሁ ስሙት፣ የሆነ ቦታ ላይ ድምጹ ድንገት ከተቀየረ ወይም ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ማጣበቂያው ለቋል። መዝኑት፣ ብዙ ሻፍት ከ100 እስከ 120 ግራም ውስጥ ነው የሚውለው፣ ከዛ በጣም ከወጣ ሻጩን ጠይቁ። በላብ እጅ ለአንድ ሰዓት ተጫወቱበት፣ ላዩ ላይ ቀለም የተቀባ ከሆነ መያዝ መያዝ ይጀምራል፣ ያ ደሞ በየቀኑ የሚያናድድ ነገር ነው። እንጨት ላይ ስስ ካርቦን የተጠቀለለበት፣ ወይም መልኩ ብቻ ካርቦን የሆነ ፋይበር ግላስም አለ፣ ስለዚህ ውስጡ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። አዲስ ሬቮ በግማሽ ዋጋ ካያችሁ ደሞ አስመስሎ የተሰራ ስለሚበዛ ዝለሉት።

ከዋጋ በፊት ግን መገጣጠሚያው ነው መታየት ያለበት፣ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የኪዋችሁ የኋላ ግማሽ ላይ ያለው ቡሎን አይነቱ ብዙ ነው፣ ፕሬዴተር ዩኒ ሎክ ይጠቀማል፣ ሜዝ ዌቪ የሚባል የራሱ ጥርስ አለው፣ ሌሎቹ ራዲያል፣ 3/8-10፣ 5/16-14፣ 5/16-18 ምናምን ናቸው። ራዲያልና 3/8-10 በአይን ይመሳሰላሉ ግን ጥርሳቸው ይለያያል፣ አስገድዳችሁ ካዞራችሁት የሻፍቱን ጥርስ ትበሉታላችሁ። ስለዚህ የኪዋችሁን ስምና ሞዴል ይዛችሁ ጠይቁ፣ ስም የሌለው ከሆነ ቡሎኑን ከመስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ። በነገራችን ላይ የሬቮ ዋጋ ፕሬዴተር ኪው ላለው ሰው ይበልጥ ትርጉም የሚሰጠው በዚህ ነው፣ አንዴ ገጠመ አለቀ፣ ሌላ ኪው ላላችሁ ግን ያው መጠን ያለው ሲነርጂ ወይም ዲፋይ የሚገጥም ካለ ልዩነቱን ለሌላ ነገር አውሉት።

ውፍረት ደሞ ከስም ይበልጣል። 11.8 ቀጭን ነው፣ ጫፉ ቀለል ስለሚል ዲፍሌክሽኑ ያንሳል፣ በክፍት እጅ ለሚያነጣጥር ሰው ኳሷ የት እንደምትመታ በደንብ ይታያል፣ ግን ትንሽ ስትሳሳቱ አይምራችሁም። 12.9 ወፍራም ሻፍት ለለመደ እጅ፣ ጣቱን ሻፍቱ ላይ ጠቅልሎ ለሚይዝና በብዛት መሃል ለሚመታ ሰው ይመቻል። ብዙ ሰው መሃል ላይ 12.4 ወይም 12.5 ላይ ነው የሚያርፈው፣ የመጀመሪያችሁ ከሆነ እኔም እዛ ጀምሩ ነው የምለው። ሌላው ነገር የሻፍቱ ቅጥነት የሚሄድበት ርዝመት ነው፣ አንዳንዱ ከጫፉ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረቱ ሳይቀየር ይሄድና ከዚያ ይወፍራል፣ አንዳንዱ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወፍራል፣ በጣታችሁ መሃል እያንሸራተታችሁ ካልሞከራችሁት በወሬ አይታወቅም።

አሁን ሙከራው። ባለ መስመር ኳስ አንድ ውሰዱና እንደ ነጭ ኳስ ተጠቀሙበት፣ መስመሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ከላይ ወደታች እንዲሆን። የመስመሩ ጠርዝ ኳስን ሳያንሸራትቱ መምታት የሚቻልበት የመጨረሻው ወሰን አጠገብ ስለሆነ፣ ከሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነጥብ ምረጡና ሁሌ እሱን ምቱ። በ9 ጫማ ጠረጴዛ ላይ ኳሱን መክፈቻው በኩል ያለው ነጥብ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ እስከ ማዶው ጎማ 190 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማዶ ጠርዙ መሃል ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ ስልክ አጠገቡ አድርጋችሁ በስሎ ሞሽን ቅረጹ። ኪዉን ወደ ጎን ስታንሸራትቱ ከመሃል መስመሩ ጋር እኩል ትይዩ ሆኖ ይንሸራተት እንጂ አይጣመም፣ ኪዉም በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ተኝቶ ይሁን። ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ ቀስ ካላችሁ ኳሱ በመንገድ ላይ በስፒኑ ታጥፎ ይመለስና ውጤቱን ያበላሽባችኋል። ከያንዳንዱ ምት በኋላ ኳሱ ላይ የቀረውን የጠመኔ ምልክት እዩ፣ ካሰባችሁት ቦታ ከወጣ ያንን ምት አትቁጠሩት። በያንዳንዱ ሻፍት አስር ያህል ትክክለኛ ምት ካገኛችሁ ኳሱ ከወረቀቱ መሃል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ጻፉና አማካዩን አውጡ። የአንድ ዲግሪ ልዩነት በዚህ ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ተራ የሜፕል እንጨትና ካርቦን ስታወዳድሩ ልዩነቱ በአይን ይታያል፣ የ350ውንና የ550ውን ስታወዳድሩ ግን ውፍረታቸው እኩል ከሆነ የእጃችሁ ስህተት ውስጥ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ያ ራሱ መልስ ነው።

ቁጥሩን ከጨረሳችሁ በኋላ ያለ መለኪያ ተጫወቱ፣ ድምጹ ይመቻችኋል ወይ፣ ረጅም ድሮው (ነጯን ኳስ ወደኋላ የምትመልሱበት ምት) ላይ እጃችሁ ላይ ምን ይሰማችኋል፣ የኪዉ ሚዛን ወደኋላ ሄደባችሁ ወይ የሚለውን እዩ፣ ከፊት ሲቀል ሚዛኑ ወደኋላ መሄዱ አይቀርምና። እዚህ ላይ የሚወስነው የናንተ እጅ ነው፣ 200 ዶላር ለዚህ ስሜት ብዬ እከፍላለሁ ያለ ሰው ትክክል ነው፣ ብቻ ለምን እንደከፈለ ይወቅ። በተራ ሜፕል ለዓመታት የተጫወተ ሰው ደሞ አይኑ ያንን የኳስ መሸሽ አስልቶ ነው የሚያነጣጥረው፣ ካርቦን ሲይዝ መጀመሪያ ላይ በስፒን የሚመታውን ሁሉ ይስታል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ፈርዳችሁ አትሽጡት።

የምትጫወቱት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ፣ ብዙ ፑል ቤት እንደሚገኘው፣ ርቀቱ አጭር ስለሆነ ዲፍሌክሽን የሚያመጣው ስህተትም ያንሳል። እዛ ላይ የሚለማመድ ልጅ መጀመሪያ ጥሩ ቲፕ ያስቀይር፣ ቀጥ ያለ ኪው ይያዝ፣ ካርቦኑ ይቆየው።

ከገዛችሁ በኋላ በለስላሳ ጨርቅና በአልኮል መጥረግ ነው ያለው ስራ፣ ብርጭቆ ወረቀት ላዩ ላይ አታስነኩ። ቲፕ ሲቀየር ግን አደራ፣ ለእንጨት የለመደ ባለሙያ የቲፑን ጎን ሲያስተካክል ካርቦኑን ይጭረዋል፣ ስለዚህ ከቲፑ ስር ያለውን በቴፕ ጠቅልሎ እንዲሰራ ንገሩት፣ የካርቦን አቧራ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ማስክ ያድርግ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት፣ ካርቦኑ ባይጣመምም በሙቀት የመገጣጠሚያው ማጣበቂያ ሊለቅ ይችላል፣ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ይሄንን ያዙልኝ። ከአሜሪካ ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ደሞ የፑል ኪው በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም፣ ሻፍቱ ብቻም ቢሆን ፍተሻ ላይ እንዳትከራከሩ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ በሚላከው ሻንጣ አስገቡት።