ሽቅብ ብቻ ያደገችው አፕል

ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ያለችው የአፕል ችግኝ ሁለት ዓመት እንደ ባሕር ዛፍ ሽቅብ ብቻ ተመዘዘች። የጎን ቅርንጫፍ የለ፣ አበባ የለ።

መጀመሪያ ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃም አበዛሁ። ጭራሽ ረዘመች። ቀጥሎ ጫፏን በመቀስ ቆረጥኩት። ከቁርጡ ሥር ሦስት ቀንበጦች ወጡ፤ ሦስቱም ግን ሽቅብ! ግንዱ ላይ ታች ያሉት ዓይኖች፣ ማለትም ቅርንጫፍ የሚወጣባቸው እንቡጦች፣ እንደተኙ ቀሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የቀንበጥ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይልካል፤ እሱም የጎን ዓይኖች እንዳያድጉ ይይዛቸዋል። አንዱን ጫፍ ስትቆርጡ ከሥሩ ያለው ቦታውን ይወርሳል።

የሠራው ይሄ ነው። አንዱን ቀንበጥ ለመሪነት ተውኩት። ሁለቱን ገና ለጋ ሳሉ በጨርቅ አስሬ፣ ከግንዱ 60 ዲግሪ ያህል እስኪርቁ ጎትቼ በካስማ ቸከልኩ። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ልጡን ይበላዋል። ውርጩ ሲያልፍ ደግሞ፣ ዓይኖቹ ሳይፈነዱ፣ ቅርንጫፍ ከፈለግኩበት ዓይን ትንሽ ከፍ ብዬ ልጡን በምላጭ እስከ እንጨቱ ጫር አደረግኩት። ከላይ የሚወርደው ሆርሞን እዚያ ይቋረጣል። ዓይኑ ከሳምንታት በኋላ ፈነዳ።

አንዱን ገመድ ቸኩዬ ብፈታው ቅርንጫፉ ተመልሶ ቀጥ አለ። እንደገና አሰርኩት፤ እስኪጠነክር ወራት ፈጀ። በዓመቱ የታጠፉት ላይ አበባ አየሁ።